እርሾ እንዴት ይደለባል? ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስያን ስብ እንዲያከማቹ ማድረግ፣ ስቡን ማየትና መመዘን

ይህን ሥራ የሚጀምር ተማሪ ብዙ ነው፤ ስብ አይቶ የሚጨርስ ግን ጥቂት። በላቦራቶሪ ረዳትነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ የመጣብኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ስኳሩን እጥፍ አደረግኩት፣ እርሾው ጥሩ አደገ፣ ስቡ የታለ?»

በሬ የሚደልበው አብዝቶ ሲበላ ስለሆነ እርሾም እንደዚያ ይመስለናል። እርሾ የሚሰባው ግን ስኳርና አየር ተርፎት ናይትሮጅን ሲያልቅበት ነው። ናይትሮጅን እስካለ ድረስ ስኳሩን ለመባዛት ያውለዋል። ሲያልቅ ፕሮቲንም ዲኤንኤም መሥራት ስለማይችል መባዛቱን ይተዋል፤ ስኳር መዋጡን ግን አይተውም። የተረፈው ወደ ስብ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያችን ሰዓት አስልቶ ለማምጣት ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራው ከመነሻ እስከ ሚዛን አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል። ቀኑን ሳታሰሉ አትጀምሩ። ለእኔ የሚመቸኝ አካሄድ ይህ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት መነሻውን እርሾ አሳድጋለሁ፣ ሰኞ አጥቤ ወደ ማደለቢያው አዛውራለሁ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ናሙና እወስዳለሁ፣ እሁድን ሲደርቅ ይውላል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ስቡን አወጣለሁ።

አዘጋጁ፦

- 250 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ስድስት ፍላስኮች (ሦስቱ ለማደለቢያ፣ ሦስቱ ለማነጻጸሪያ)፣ ለመክደኛ ጥጥ
- ሼከር (ፍላስኩን የሚያሽከረክር መሣሪያ)፣ ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አዙሮ እርሾውን ከፈሳሹ የሚለይ)፣ ኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን) ወይም ጌጅ ያለው ትልቅ የግፊት ድስት
- 100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕ
- ሱዳን ብላክ ቢ (ስብን የሚያጠቁር ቀለም)፣ ሳፍራኒን (የቀረውን ሕዋስ ሮዝ የሚያደርግ ቀለም)፣ ዛይሊን (ትርፍ ቀለም የሚያጥብ ፈሳሽ)
- ለመጨረሻው ደረጃ ክሎሮፎርም፣ ሜታኖል፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ የሚሠራ የጋዝ መሳቢያ ሁድና እስከ ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛን

የጋዝ መሳቢያው የማይሠራ ከሆነ ደረጃ 7 ላይ ሳይቀለም የሚታየውን ብቻ ጨርሳችሁ አቁሙ፤ ዛይሊኑም ሁድ ይፈልጋል። ስቡን በማይክሮስኮፕ ማየት በራሱ የተሟላ ሥራ ነው። በተዘጋ ክፍል ክሎሮፎርም ከፍቶ ለመመዘን መሞከር ጤናን መክፈል ነው።

## ደረጃ 1፦ የሚሰባውን ዘር ምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ገና እዚህ ነው። ከሱቅ የዳቦ እርሾ ገዝቶ ይጀምራል። የዳቦ እርሾ (ሳካሮማይሴስ ሰርቪሲዬ) ብትለምኑትም ብዙ አይሰባም። ለስብ ጥሬ ዕቃ የሚሆነውን አሴቲል ኮኤ ከሲትሬት ቆርጦ የሚያወጣው ኤንዛይም፣ ኤቲፒ ሲትሬት ላዬዝ፣ የለውም። የተረፈውን ስኳር አልኮል ያደርገዋል።

ሁለተኛው ስህተት ስፒሩሊና ነው። ከቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ወይም ከጭቱ ሐይቅ አምጥተው ስብ የሚጠብቁ አጋጥመውኛል። ስፒሩሊና ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ የሚያከማቸው በዋናነት ግላይኮጅን ነው። በውስጡ የሚገኘው ጥቂት ቅባትም አብዛኛው የሽፋኑ ክፍል እንጂ ስንቅ አይደለም።

ከባክቴሪያ ወገንም ብዙዎቹ የሚያከማቹት ፒኤችቢ የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። ችግሩ ሱዳን ብላክ እሱንም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ባክቴሪያ አይታችሁ «ስብ አገኘሁ» አትበሉ። እንደ ሮዶኮከስ ኦፓከስ ያሉ እውነተኛ ስብ የሚያከማቹ ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው።

ከሚሰቡት እርሾዎች መካከል ያሮዊያ ሊፖሊቲካ፣ ሊፖማይሴስ ስታርኬይ እና ሮዶቶሩላ ቶሩሎይደስ ይገኙበታል። ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በላይ ስብ የሚያከማች ተሕዋስ «ቅባታማ» ይባላል፤ እነዚህ ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። ለጀማሪ ሮዶቶሩላን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሮዝ ነው። ቀለሙ ከካሮቲን ወገን ነው፤ ሌላ ነገር ሲገባበት በዓይን ያስታውቃል።

የተመዘገበ ዘር ከተሕዋስያን ስብስብ ማግኘት ከቻላችሁ እሱን ውሰዱ። ካልቻላችሁ ከቅጠል ላይ ለዩ፦

1. አንድ እፍኝ ቅጠል በተመከነ ውሃ ለቅለቅ አድርጉ።
2. ከውሃው 0.1 ሚሊ ሊትር በፔትሪ ዲሽ ባለው አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ የተሕዋስያን ምግብ) ላይ ዘርጉ። ለአንድ ሊትር አጋር 0.1 ግራም ክሎራምፌኒኮል ጨምሩ፤ ባክቴሪያውን ይይዝላችኋል።
3. ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን አቆዩ።
4. ሮዝ ወይም ብርቱካንማ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቀውን ጉብታ (የተባዙ ሕዋሳት ክምር) ነጥላችሁ በሌላ ዲሽ ላይ ደግማችሁ ጫሩ።

ተጠንቀቁ። ሮዝ የሆነ ሁሉ ሮዶቶሩላ አይደለም። ሴራሺያ ማርሴሰንስ የተባለው ባክቴሪያም ቀይ ነው። በማይክሮስኮፕ ለዩት፦ እርሾ ሞላላ ነው፣ ከጎኑ ያጎነቁላል፣ መጠኑም ከባክቴሪያው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግሞም የሮዶቶሩላ ዝርያዎች በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ፣ በተለይ በደም ሥር የገባ ቱቦ ካለው፣ ኢንፌክሽን ያመጣሉ። ጓንት አድርጉ፣ በአፍ ፒፔት አትሳቡ።

ከቅጠል የለያችሁት ዘር ባይሰባ አትደነቁ፤ ሮዶቶሩላ ውስጥም ሰነፍ አለ። ሦስት አራት የተለያዩ ጉብታዎች ይዛችሁ ጀምሩ።

## ደረጃ 2፦ ሚዲያውን አስሉ

ሂሳቡን ዝለሉ የሚል መመሪያ ካገኛችሁ ተዉት። የሥራው እምብርት በሚዲያው (እርሾው በሚያድግበት የምግብ ፈሳሽ) ውስጥ ያለው የካርቦንና የናይትሮጅን ጥምርታ ነው።

የተለመደው ሀብታም ሚዲያ በሊትር 10 ግራም ይስት ኤክስትራክት (የእርሾ ጭማቂ ዱቄት)፣ 20 ግራም ፔፕቶን (የተሰባበረ ፕሮቲን)ና 20 ግራም ግሉኮስ አለው። ይስት ኤክስትራክት ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ፣ ፔፕቶን 15 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ነው። ሲደመር 4 ግራም። ይህን ያህል ናይትሮጅን ያለው እርሾ ስኳሩ ቀድሞ ያልቅበታል፤ ለመስባት ዕድል አያገኝም። ስኳር እጥፍ ቢደረግለትም አይበቃም።

ለአንድ ሊትር ማደለቢያ ይህን መዝኑ፦

- ግሉኮስ 40 ግራም
- አሞኒየም ሰልፌት 1 ግራም
- ይስት ኤክስትራክት 1 ግራም
- ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 5 ግራም
- ማግኒዚየም ሰልፌት (ባለ ሰባት ውሃው) 1 ግራም

አሁን አስሉት። ግሉኮስ 40 በመቶው ካርቦን ነው፤ 40 ግራም ውስጥ 16 ግራም ካርቦን አለ። አሞኒየም ሰልፌት 21 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ 0.21 ግራም። ይስት ኤክስትራክቱ 0.1 ይጨምራል። ድምሩ 0.31። 16 ለ 0.31 ሲካፈል 50 ለ 1 አካባቢ ይመጣል። ይህ በክብደት ነው። ጥምርታውን በሞል የሚጽፉም አሉ፤ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ስታነጻጽሩ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ለማነጻጸሪያው ሁሉም ያው ሆኖ አሞኒየም ሰልፌቱን 5 ግራም አድርጉት። ያኔ 14 ለ 1 ይሆናል፤ እርሾው ብዙ ይባዛል፣ ጥቂት ይሰባል። ማነጻጸሪያ የሌለው ሥራ ይዞ የመጣ ተማሪ «ይህ ስብ ከሌላው በምን ይበልጣል?» ሲባል ዝም ነው የሚለው።

የሚያሳስት ነገር፦ የግሉኮሱ ዕቃ ላይ «ሞኖሃይድሬት» የሚል ካለ 44 ግራም መዝኑ፤ አራቱ ግራም ውሃ ነው።

ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 5.5 አምጡ። ማስተካከያውን በአሞኒያ እንዳታደርጉ፤ የቀነሳችሁትን ናይትሮጅን መልሳችሁ ማስገባት ይሆናል። ይህን ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስብ ሲጠብቅ ከረመ።

## ደረጃ 3፦ አምክኑ

1. ግሉኮሱንና ማግኒዚየሙን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ በአንድ ጠርሙስ አድርጉ።
2. የቀረውን በ800 ሚሊ ሊትር አሟሙታችሁ በሌላ ጠርሙስ አድርጉ።
3. ለየብቻ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አምክኑ።
4. ከቀዘቀዙ በኋላ በነበልባል አጠገብ ቀላቅሉና በየፍላስኩ 50 ሚሊ ሊትር አከፋፍሉ።

ለምን ለየብቻ? ስኳርና ናይትሮጅን አብረው ከፈሉ ሚዲያው እንደ ካራሜል ይጠቁራል፤ ማግኒዚየምና ፎስፌት አብረው ከፈሉ ደግሞ ሊደፈርስ ይችላል።

### ደጋ ላይ ያላችሁ ይህን አንብቡ

ኦቶክሌቫችሁ ሙቀት የሚለካ ከሆነ ችግር የለም። ጌጅ ብቻ ያለው የግፊት ድስት ከሆነ ግን ያታልላችኋል። የውጭ አገር መመሪያ «15 ፒኤስአይ» (የግፊት መለኪያ ነው) ሲል የባሕር ጠለልን እያሰበ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጪው አየር ግፊት ቀሏል፤ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊቱን ድስቱ ከሚችለው በላይ አታስጨንቁ። በዚያው ግፊት 40 ደቂቃ አቆዩት። ሌላው ቀርቶ አየሩ በእንፋሎት ተገፍቶ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ቫልቩን አትዝጉ፤ አየር የታፈነበት ድስት ጌጁ ቢያሳይም ሙቀቱ አይደርስም።

ከተበላሸ፦ ካመከናችሁ በኋላ ሳትዘሩበት አንዱን ፍላስክ ሁለት ቀን አቆዩት። ከደፈረሰ ማምከኑ ከሽፏል፤ ሁሉንም ድጋሚ።

## ደረጃ 4፦ መነሻውን አሳድጉ

ከንጹሕ ዲሽ አንድ ጉብታ በሉፕ (ጫፉ ቀለበት በሆነ ሽቦ) አንሥታችሁ 25 ሚሊ ሊትር ሀብታም ሚዲያ ውስጥ ጨምሩ። በ28 ዲግሪ፣ በደቂቃ 150 እስከ 180 ዙር እያሽከረከራችሁ 48 ሰዓት አሳድጉ። እዚህ ላይ ናይትሮጅን አትንፈጉት፤ መጀመሪያ ብዙ እርሾ ነው የምንፈልገው። ጨርሶ ከተራበ ሚዲያ የሚጀምር ሰው እያንዳንዷ ሕዋስ የሰባች ግን ቁጥሯ እፍኝ የማትሞላ እርሾ ይዞ ይቀራል።

ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እዩ። የሚርመሰመስ ትንንሽ በትር ካለ ባክቴሪያ ገብቷል። ጣሉትና ከዲሹ ጀምሩ። «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን ከእርሾው ይሻማል።

## ደረጃ 5፦ እጠቡና አዛውሩ

1. በተመከነ ቱቦ አድርጋችሁ በ3,000 ጂ 5 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጉ።
2. ላዩን ድፉ። በተመከነ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ አንቀሳቅሱና ድጋሚ ሴንትሪፉጅ አድርጉ።
3. ይህንኑ አንድ ጊዜ ድገሙ። ሁለት ማጠብ ነው፤ አንድ አይበቃም።
4. በጨው ውሃ በጥብጣችሁ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር (የፈሳሹን ድፍርስነት በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) በ600 ናኖሜትር የሚነበበው መጠን በየፍላስኩ 0.5 እንዲሆን ጨምሩ። ስፔክትሮፎቶሜትር ከሌለ በመቁጠሪያ ስላይድ ቁጠሩ፤ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን ሕዋስ ይበቃል።

ማጠቡን የሚዘል ሰው ከመነሻው የተረፈውን ፔፕቶን ይዞ ይገባል። 0.31 ግራም ብላችሁ በጥንቃቄ ያሰላችሁት ሂሳብ በአንድ ፒፔት ይፈርሳል።

## ደረጃ 6፦ የማደለብ ቀናት

ሙቀቱን 28 ዲግሪ፣ ዙሩን 180 አድርጉና ተዉት። ጥጡን ከላይ ላላ አድርጉ፤ በፎይል ጠፍንጎ የዘጋ ሰው አየር ነፍጓል። በ250 ፍላስክ ውስጥ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ አትጨምሩም የሚባለውም ለዚሁ ነው።

### ውስጡ ምን እየሆነ ነው?

በመጀመሪያው ቀን እርሾው ይባዛል። ናይትሮጅኑ ሲሟጠጥ ሕዋሱ ያለችውን አሞኒያ ለማግኘት ኤኤምፒ የተባለውን ሞለኪውል መሰባበር ይጀምራል። በማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ) ውስጥ ስኳርን የሚያቃጥለው ዑደት አንዱ ኤንዛይም፣ አይሶሲትሬት ዲሃይድሮጅኔዝ፣ ያለ ኤኤምፒ አይሠራም። ኤኤምፒ ሲጠፋ ዑደቱ እዚያ ላይ ይታገታል፤ ሲትሬት ይከማቻል። መውጫ ያጣ ሲትሬት ከማይቶኮንድሪያ ወጥቶ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ይገባል። እዚያ የሚጠብቀው ያ የዳቦ እርሾ የጎደለው ኤቲፒ ሲትሬት ላዬዝ ነው፤ ቆርጦ አሴቲል ኮኤ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ሸማኔ ነው፤ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቀጠሉ መሄድ። 16 ካርቦን ያለውን ፓልሚቲክ አሲድ ለመሥራት 8 አሴቲል ኮኤ፣ 7 ኤቲፒና 14 ኤንኤዲፒኤች (ሁለቱ ሕዋሱ ለግንባታ የሚከፍላቸው የኃይል ሞለኪውሎች ናቸው) ይፈጃል። ስብ ለሕዋሱም ውድ ነው። ሦስት የስብ አሲዶች በአንድ ግሊሰሮል ላይ ሲታሰሩ ትራይግሊሰራይድ ይሆናሉ። ይህ ውሃ የማይወድ ነገር በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በሕዋሱ ውስጥ የተዘረጋ የሽፋን መረብ) ሽፋን ሁለት ንጣፎች መካከል እንደ ምስር ያብጣል፤ ሲበዛ በአንድ ንጣፍ ፎስፎሊፒድ ተጠቅልሎ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ የምታዩት ጠብታ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለፈተና አይደለም። አየር ከጠፋ ሲትሬቱም ኤቲፒውም አይኖርም፤ ስለዚህ አየር የቸገረው ፍላስክ ናይትሮጅን ቢጎድለውም አይሰባም።

### በየቀኑ የምታደርጉት

- 1 ሚሊ ሊትር ናሙና በነበልባል አጠገብ ውሰዱ። ለማይክሮስኮፕ፣ ለፒኤችና ለስኳር ይበቃል።
- ፒኤቹን ለኩ። አሞኒየም ሰልፌት ሲበላ አሲድ ይተዋል፤ በተለይ ማነጻጸሪያው ውስጥ ቶሎ ይወርዳል። ከ4 በታች ከሆነ በተመከነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 5.5 መልሱ።
- ስኳሩን ለኩ። ክሊኒክ ውስጥ ሽንት የሚመረመርበት የግሉኮስ ወረቀት ይሠራል። ናሙናውን በሴንትሪፉጅ አጥሉ፣ ላዩን አሥር እጥፍ አቅጥኑ፣ ከዚያ ንከሩ። ግሉኮስን ብቻ ስለሚያነብ፣ በግሉኮስ ፋንታ የሻይ ስኳር ከተጠቀማችሁ ትክክለኛውን አይነግራችሁም።

ስኳሩ ሳያልቅ አውጡ። ይህን በደማቅ ጻፉት። ስኳር ያለቀበት እርሾ ስንቁን መብላት ይጀምራል፤ አምስተኛው ቀን ላይ የነበረው ጠብታ በስምንተኛው ቀን ያንሳል። «ብዙ ቀን ባቆየው ብዙ ይሰባል» ያለ ሰው ከስቶ ያገኘዋል።

ሌላ ማታለያ፦ ስፔክትሮፎቶሜትሩ በሦስተኛው ቀንም ቁጥር ይጨምርላችኋል። እርሾው እየተባዛ ላይሆን ይችላል፤ የሰባ ሕዋስ ብርሃን የሚበትንበት መንገድ ስለሚለወጥ ነው። እውነቱን የሚናገረው መቁጠሪያ ስላይዱ ነው።

### መብራት ሲጠፋ

ሮዶቶሩላ ያለ አየር አልኮል እየሠራ ጊዜ የሚያሳልፍ እርሾ አይደለም፤ አያቦካም። ሼከሩ ከቆመ እዚያው ያዘግማል። መብራቱ እስኪመጣ በየ15 ደቂቃው በእጅ አሽከርክሩ፤ የጠፋባችሁን ሰዓትም መዝግቡና በመጨረሻ ጨምሩበት።

መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ቦታ ከሆናችሁ ሼከሩን እርሱት። በዚያው ማደለቢያ ላይ 15 ግራም አጋር በሊትር ጨምራችሁ በፔትሪ ዲሽ አፍስሱ፣ የታጠበውን እርሾ በስሱ ዘርጉ፣ በክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 7 ቀን አቆዩ። አየር በራሱ ያገኛል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለማየት ግን ከበቂ በላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማሳየው በዚህ መንገድ ነው። ቆላ ላይ ካላችሁ ሙቀቱን ተጠንቀቁ፤ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ብዙዎቹ ይዳከማሉ።

ከተበላሸ፦ ፈሳሹ ከሮዝ ወደ ነጭ ክሬም ከሄደ ወይም የጠላ ሽታ ከሸተተ ሌላ እርሾ ገብቷል። ሮዝ ሆኖ ከአራት ቀን በኋላም ካልሰባ በቅደም ተከተል እነዚህን ጠይቁ፦ ሁለቴ አጥቤ ነበር? አሞኒየም ሰልፌቱን ስመዝን ነጥቡን አልሳትኩም? ጥጡ ታፍኖ ነው? ሁሉም ደህና ከሆነ ዘሩ ሰነፍ ነው፤ ለውጡት።

## ደረጃ 7፦ ስቡን እዩ

### ሳይቀለም

አንድ ጠብታ በስላይድ፣ ላዩ ላይ ሽፋን፣ ዘይት፣ 100 እጥፍ። የሰባ እርሾ ውስጥ አንድ ሁለት የሚያብረቀርቁ ክቦች ታያላችሁ፤ ሕዋሱን ሊሞሉት ይችላሉ።

ችግሩ እርሾ ውስጥ ሌላም ክብ ነገር አለ፤ ቫኪዩል የሚባል ውሃማ ከረጢት። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ሃያ ፎቶ አንሥቶ «ሁሉም ሰብተዋል» ብሎ መጣ። የተነሡት በሙሉ ቫኪዩል ነበሩ፤ ፍላስኩም ማነጻጸሪያው ሆኖ ተገኘ። መለያው ቀላል ነው። ጥርት ካደረጋችሁት በኋላ መድረኩን በማስተካከያው ጥቂት ዝቅ አድርጉ፣ ማለትም ሌንሱና ስላይዱ ይራራቁ። ስብ ያበራል፤ ቫኪዩል ይጠቁራል። ስብ ብርሃንን ከአካባቢው ይልቅ አብዝቶ ስለሚሰብር ነው። ቫኪዩል ውስጥ ደግሞ አልፎ አልፎ የምትደንስ ነጥብ ታያላችሁ፤ ስብ ውስጥ የሚደንስ የለም።

### በሱዳን ብላክ

ቀለሙን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጁ፦ 0.3 ግራም ሱዳን ብላክ ቢ በ100 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ኤታኖል። ሲያድር በማጣሪያ ወረቀት አጥሉት። ያልተጣራ ቀለም ስላይዱን በጥቁር አሸዋ ይሞላዋል።

1. ናሙናውን በስላይድ በስሱ ቀቡ፣ በአየር አድርቁ፣ በነበልባል ላይ ሦስት ጊዜ አሳልፉ። አታቃጥሉት።
2. በሱዳን ብላክ ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ አቆዩ። አልኮሉ ይተናልና እንዳይደርቅ ጠብታ ጨምሩ።
3. አፍስሱና በወረቀት ተጭናችሁ አድርቁ።
4. በሁድ ውስጥ ዛይሊን አንጠብጥቡበት፤ የሚወርደው ቀለም አልባ ሲሆን አቁሙ። ጥቂት ሰከንድ ነው።
5. ሲደርቅ በ0.5 በመቶ ሳፍራኒን 10 ሰከንድ ቀልሙ፣ በውሃ እጠቡ፣ አድርቁ።
6. በዘይት ሌንስ እዩ። ስቡ ሰማያዊ ጥቁር፣ የቀረው ሕዋስ ሮዝ ነው።

ከተበላሸ፦ ሁሉም ሮዝ ከሆነ ምናልባት በአሴቶን ወይም በንጹሕ አልኮል አጥባችሁታል፤ ስቡ ታጥቦ ሄዷል። ሁሉም ጥቁር ከሆነ ዛይሊኑ አንሷል ወይም ቅቡ ወፍሯል። ሳፍራኒን ከደቂቃ በላይ ከቆየ ጥቁሩን ይውጠዋል። የማነጻጸሪያውን እርሾ በዚያው ስላይድ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቀቡት፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስትቀልሙ ጥርጣሬ አይኖርም።

## ደረጃ 8፦ ስቡን አውጡና መዝኑ

የእርሾ ግድግዳ ጠንካራ ነው። ክሎሮፎርም ብቻ አፍስሶ ስብ የጠበቀ ሰው ምንም አያገኝም። መጀመሪያ ግድግዳው ይፍረስ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የተጠናከረ አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። ለ4 ሞላር 33 ሚሊ ሊትር 37 በመቶ አሲድ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ሲቀዘቅዝ ውሃ ጨምራችሁ 100 ሙሉ። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ማሞቁ ክሎሮፎርም ከመግባቱ በፊት ነው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ይፈላል፤ በተዘጋ ቱቦ 78 ዲግሪ ላይ ማስገባት ቱቦውን ፊታችሁ ላይ ማፈንዳት ነው።

1. የአንዱን ፍላስክ እርሾ ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ ሁለቴ በተጣራ ውሃ እጠቡ። ጨው ከቀረ እንደ እርሾ ይመዘናል።
2. በ60 ዲግሪ ክብደቱ እስከማይቀንስ አድርቁና መዝኑ።
3. እስከ 0.2 ግራም ደረቅ እርሾ ፈጭታችሁ በ50 ሚሊ ሊትር የመስታወት ቱቦ አድርጉ፤ 6 ሚሊ ሊትር 4 ሞላር አሲድ ጨምሩ። ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ክሎሮፎርም አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሟዋል፣ የሟሟውም እንደ ስብ ይመዘናል።
4. በ78 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩ፤ አልፎ አልፎ ነቅንቁ። ፈጽሞ አቀዝቅዙ።
5. በሁድ ውስጥ 6 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርምና 6 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ጨምሩ። ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁ፣ ክዳኑን እየከፈታችሁ ጋዙን አስወጡ።
6. ሴንትሪፉጅ አድርጉ። ሦስት ንጣፍ ይወጣል፦ ላይ አሲዱና ሜታኖሉ፣ መሐል የእርሾው ቅሬታ፣ ታች ክሎሮፎርሙ። ስቡ ታች ነው። በረጅም የመስታወት ፒፔት ከታች ሳቡ።
7. በሌላ 6 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም ድገሙና ቀላቅሉ፤ በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ አንድ ጊዜ እጠቡት።
8. ቀድማችሁ በመዘናችሁት ትንሽ የመስታወት ዕቃ አድርጋችሁ በሁድ ውስጥ፣ በ45 ዲግሪ ውሃ ላይ ክፍቱን አትንኑ። ደርቆ ክብደቱ ሲረጋ መዝኑ።

ንጣፉ ካልተለየ ጥቂት የጨው ውሃ ጨምሩና ድጋሚ ሴንትሪፉጅ አድርጉ። ክሎሮፎርሙ ከደፈረሰ ውሃ አለበት፤ እርጥበት የሌለው ሶዲየም ሰልፌት ጣል አድርጉበትና አጥሉት። የደረቀው ነገር ዱቄት ከመሰለ ስብ አይደለም፣ ጨው ነው፤ በክሎሮፎርም መልሳችሁ አሟሙና ከቅሬታው ለዩት። ጥሩ የሮዶቶሩላ ስብ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ዘይት ነው፤ ካሮቲኑ አብሮት ይወጣል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ደረቅ እርሾ 0.180 ግራም፣ ስብ 0.054 ግራም ከሆነ፣ 0.054 ለ 0.180 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 30 በመቶ ነው። ከዚያ አንድ ቁጥር ጨምሩበት፦ በሊትር ስንት ግራም ስብ? 30 በመቶ የሰባ ግን በሊትር 1 ግራም ብቻ የሆነ እርሾ 0.3 ግራም ነው የሰጣችሁ። 20 በመቶ የሰባ በሊትር 6 ግራም የሆነው 1.2 ግራም ይሰጣል። በመቶኛውን ብቻ ጽፎ ያመጣ ተማሪ እንዲመልሰው አደርጋለሁ።

የክሎሮፎርሙን ቅሬታ በመታጠቢያው አትድፉ፤ «ክሎሮፎርም» ተብሎ በተጻፈበት የመስታወት ጠርሙስ ለብቻው አጠራቅሙ፣ ከአሴቶን ጋርም አታቀላቅሉ። አሲዱን ከማስወገዳችሁ በፊት በሶዲየም ባይካርቦኔት አክሽፉት። የተረፈውን እርሾና ዲሾቹን ደግሞ አምክናችሁ ጣሉ፤ ደጋ ላይ ከሆናችሁ ያው 40 ደቂቃ ነው።